አዲሱን ካሜራ ከመውቀስዎ በፊት

ካሜራው ተገዛ። ለወራት በተጠራቀመ ገንዘብ፣ ወይም ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ተብሎ፣ ከነሌንሱና ከነማንገቻው ቤት ገባ። የልጅዎ ልደት ደረሰ፤ ቤተሰቡ ተሰበሰበ፤ ሻማው በራ፤ እርስዎም መቶ ያህል ፎቶ አነሱ። ማታ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ሁሉም ከበው ሲያዩት ግን የልጆቹ ፊት ብዥ ብሏል፣ ሳሎኑ ቢጫ ሆኗል፣ ነጭ የለበሱት አያት ፊታቸው ጠቁሮ አይለይም። የእህትዎ ልጅ በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ደግሞ ጥርት ብሎ ይታያል። ያኔ «ይሄ ሁሉ ብር ለዚህ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም።

እንዲህ ካለው ምሽት በኋላ ብዙ ካሜራ ቁም ሳጥን ገብቶ ይቀራል፤ አንዳንዱም ከተገዛበት ዋጋ በብዙ ቀንሶ ይሸጣል። ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጁ ሦስተኛ ዓመቱን ዳግመኛ አያከብርም፤ አያትም ሁልጊዜ ለፎቶ አይቀመጡልንም። ስለዚህ ካሜራው ተበላሽቶ ነው ወይስ አጠቃቀሙ ነው የሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ ይፈልጋል። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ባለሙያ መሆን የለብዎትም። አንድ ሰዓት፣ አንድ ገጽ ጋዜጣና ያልተሳኩት ፎቶዎች ይበቃሉ። እናም በንዴት ተነሳስተው ያልተሳኩትን ፎቶዎች አያጥፏቸው። ምስክሮቹ እነሱ ናቸው።

ስልኩ ለምን በለጠ?

ዘመናዊ ስልክ ስክሪኑን አንዴ ሲነኩት የሚያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም። በተከታታይ ብዙ ፎቶዎችን ያነሳና አዋህዶ አንድ ያደርጋቸዋል። የጠቆረውን ፊት ያፈካል፣ የነጣውን ሰማይ ወደ ቀለሙ ይመልሳል፣ ቢጫውን አምፖል ያርማል። ይህን ሁሉ ሳያማክርዎት ሠርቶ ያቀርብልዎታል። ለጨለማ የሚሆነውን ዘዴ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 «ናይት ሳይት» በሚል ስም፣ አፕል ደግሞ በ2019 በአይፎን 11 ላይ ካወጡት ወዲህ ስልኮች በምሽት ሳሎን ውስጥ የሚያነሱት ፎቶ በጣም ተሻሽሏል።

ካሜራው ግን ቁልፉን ሲጫኑ በአብዛኛው አንድ ፎቶ ያነሳል፤ ውሳኔውንም ለእርስዎ ይተዋል። አውቶማቲክ ላይ ሲያደርጉት ይገምታል። ግምቱ ደጅ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ጥሩ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ጥንካሬው ያለው ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰሩ ስፋት ላይ ነው። ሌንሳቸው በሚቀየር ብዙ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአብዛኛው ስልክ ውስጥ ያለው ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሰፊው ሴንሰር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ጥቅሙ የሚታየው ግን ካሜራው በትክክል ሲታዘዝ ነው።

ሦስቱን ቁጥሮች ያንብቡ

ያልተሳካውን ፎቶ በካሜራው ስክሪን ላይ ይክፈቱና «ኢንፎ» ወይም «ዲስፕ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ከፎቶው ጋር የተመዘገቡ ቁጥሮች ይመጣሉ። ሦስቱን ብቻ ወረቀት ላይ ይጻፉ።

የመጀመሪያው ሸተር ስፒድ ነው። 1/30፣ 1/250 እየተባለ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የገባው ለምን ያህል የሰከንድ ክፍልፋይ እንደሆነ ይነግርዎታል። ሁለተኛው አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። ኤፍ 3.5፣ ኤፍ 5.6 እየተባለ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው። ሴንሰሩ የተቀበለው ብርሃን ምን ያህል እንደተጋነነ ያሳያል፤ ፀሐይ ላይ 100፣ ማታ ሳሎን ውስጥ 3200 እና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንደ ቤት በጀት ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ከሦስቱ ካንዱ መውሰድ አለበት። ሸተሩን ካዘገየ ፎቶው ይወዛወዛል። አይኤስኦውን ከጨመረ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀዳዳውን ደግሞ ሌንሱ ከሚፈቅደው በላይ ማስፋት አይችልም። ያልተሳካው ፎቶዎ ከየትኛው እንደተወሰደበት ቁጥሮቹ ይነግሩዎታል።

ፎቶው ብዥ ሲል

ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አጉልተው «ጥርት ያለ ነገር የት አለ?» ብለው ይፈልጉ።

ሁሉም ነገር፣ ግድግዳው ሳይቀር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ የተንቀሳቀሰው የእርስዎ እጅ ነው። ሸተሩ 1/15 ወይም 1/30 ሆኖ ያገኙታል። የተለመደው መመሪያ የሸተሩ ቁጥር ከሌንሱ ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ ከ1/50 አይውረዱ፤ ለእርግጠኝነት 1/100 ይሁን። ሌንስዎ ንዝረት የሚቀንስ ማብሪያ ካለው ያብሩት። ክርንዎን ከጎንዎ ያጣብቁ፣ ግድግዳ ይደገፉ።

ግድግዳው ጥርት ብሎ ልጁ ብቻ ብዥ ካለ የተንቀሳቀሰው ልጁ ነው። እዚህ ላይ ንዝረት መቀነሻው ምንም አይረዳም። ዝም ብለው ለተቀመጡ ሰዎች 1/125፣ ለሚጫወቱ ልጆች 1/250፣ ለሚሮጡ 1/500 ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ከላይ ያለውን ክብ መዘውር «ኤስ» ላይ ያድርጉ፤ በካነን ካሜራዎች ላይ «ቲቪ» ተብሎ ተጽፏል። ፍጥነቱን እርስዎ ይምረጡ፤ አይኤስኦውን «አውቶ» ላይ ይተዉት።

ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ጥርት ብለው ቡና የሚያፈሉት እናትዎ ፊት ብዥ ካለ ችግሩ የፎከስ ነው። አውቶማቲክ ፎከስ ለራሱ ሲተው ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለውን ነገር ይመርጣል። ካሜራዎ ፊት ወይም ዓይን የሚለይበት ምርጫ ካለው ያብሩት። ከሌለው አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ይምረጡና ነጥቡን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቁልፉን በግማሽ ይጫኑ። ካሜራው «ያዝኩት» የሚል ምልክት ሲሰጥዎት እስከ መጨረሻው ይጫኑት።

ምንም ጥርት ያለ ነገር ከሌለና ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ሌንሱን ብርሃን ላይ ይዩት። የልጅ ጣት አሻራ ወይም ሻጩ በምርቃት የሰጠዎት ርካሽ የሌንስ መሸፈኛ መስታወት ሊሆን ይችላል። መስታወቱን አውልቀው እንደገና ያንሱ። ሌንሱ ጎን ላይ ያለው ማብሪያ ከ«ኤኤፍ» ወደ «ኤምኤፍ» ሳይታወቅ ተገፍቶም ከሆነ ካሜራው ራሱ ፎከስ አያደርግም።

ዓይንዎን የሚያስጠጉበት መመልከቻ ብቻ ብዥ ብሎ ፎቶው ደህና ከሆነ ደግሞ ከመመልከቻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዘውር ለዓይንዎ እስኪስማማ ያዙሯት። እሷ የምታስተካክለው ለእርስዎ ዓይን እንጂ ፎቶውን አይደለም።

አሸዋ የመሰለ ፎቶ

አይኤስኦው 6400 ወይም 12800 ሆኖ ካገኙት ነጠብጣቡ የመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ከተወዛወዘ ፎቶ አሸዋ የመሰለው ይሻላል። ነጠብጣቡ በትንሽ መጠን ሲታተም እምብዛም አይታይም፤ ኮምፒዩተርም ሊቀንሰው ይችላል። የተወዛወዘ ፊት ግን ከዚያ በኋላ ብዙም አይታከምም።

ዋናው መድኃኒት ብርሃን ነው። መጋረጃውን ይክፈቱ፤ ኬኩን ከሳሎኑ ጥግ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት፤ ሻማው የሚበራበትን ሰዓት ገና ሳይመሽ ያድርጉት። ካሜራው ላይ ብቅ የሚለው ትንሽ ፍላሽ ከ3 ወይም ከ4 ሜትር በላይ እምብዛም አይደርስም። ከፊት ያለውን ሰው አንጥቶ ከኋላ ያሉትን ጨለማ ውስጥ የሚተወው ለዚህ ነው። ለብቻው የሚገጠም ፍላሽ ካለዎት ወደ ሰዎቹ ሳይሆን ወደ ነጩ ኮርኒስ ያዙሩት፤ ብርሃኑ ተመልሶ በሁሉም ላይ በለስላሳው ይወርዳል።

ነጠላውና የጠቆረው ፊት

ይህ የእኛን በዓላት በተለይ ይመለከታል። ካሜራ ብርሃን የሚለካው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ገምቶ ነው። ሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ አሥር ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ልብስ ግራጫ ይሆናል፤ ፊታችንም አብሮ ይጠቁራል። ሰዎቹ ከመስኮት ፊት ለፊት ሲቆሙም የሚሆነው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው «እኔ ፎቶ አይወጣልኝም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ ግን የቆዳ ቀለም አይደለም፤ የመለኪያው ግምት ነው። በፊልም ዘመንም ተመሳሳይ ታሪክ ነበር፤ ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የኮዳክ ናሙና ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴቶች ፎቶ ብቻ ያለበት ነበር። ዛሬ ማስተካከያው በእጅዎ ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉና ወደ +0.7 ወይም +1 ያድርሱት። አንድ ፎቶ አንስተው ፊቱን ይዩ። የነጠላው ሽመና ጠፍቶ እንደ ወረቀት ከነጣ ትንሽ ይቀንሱ። ፊት ለፊታችን ያለው ጥቁር ነገር ሲበዛ፣ ለምሳሌ ማታ ደጅ ላይ፣ ካሜራው በተቃራኒው ብርሃን ያበዛልና ወደ መቀነስ ይሂዱ። ሲጨርሱ ወደ ዜሮ መመለሱን አይርሱ።

የፀሐዩንም ሰዓት ያስቡበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናትና በዓመቱ ብዙ ወራት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ያኔ በረንዳ ወይም የዛፍ ጥላ ሥር ያንሱ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲያ ያለው ብርሃን ለፊት ይመቻል።

ቢጫው ሳሎንና ጥቁሮቹ መስመሮች

አምፖል ሁሉ ቀለም አለው። የእኛ ዓይን ይለምደዋል፤ ካሜራው ግን አንዳንዴ ይስታል። «ዋይት ባላንስ» የሚለውን ምርጫ ከፍተው ለቢጫ አምፖል የአምፖል ምልክት ያለበትን ይምረጡ። በአንድ ክፍል ውስጥ ቢጫ አምፖል፣ ነጭ አምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉ ግን አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። ቀን ከሆነ አምፖሎቹን አጥፍተው በመስኮቱ ብርሃን ብቻ ያንሱ።

በፎቶው ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ተጋድመው ካዩ ካሜራው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ፍሎረሰንትና አንዳንድ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ፈጣን ሸተር ግን ይይዘዋል። ሸተሩን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ዝቅ ሲያደርጉት መስመሮቹ ይጠፋሉ ወይም በብዙ ይቀንሳሉ።

ካሜራው ላይ ያማረው ሲላክ ከተበላሸ

አንዳንዴ ፎቶው ደህና ነው፤ የሚበላሸው በመንገድ ላይ ነው። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል። አሜሪካ ወይም ዱባይ ላለች እህትዎ ለማተሚያ የሚሆን ፎቶ ሲልኩ «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» የሚለውን ይምረጡ። በዋይፋይ ከካሜራው ወደ ስልክ የሚያስተላልፉ አንዳንድ መተግበሪያዎችም ፎቶውን ወደ 2 ሜጋፒክስል አሳንሰው ሊያወርዱት ይችላሉና ምርጫቸውን ይፈትሹ። በካሜራው ሜኑ ውስጥም የጄፔግ ጥራቱ «ፋይን»፣ መጠኑ «ላርጅ» መሆኑን፣ «ዲጂታል ዙም» መጥፋቱን ያረጋግጡ።

ሜጋፒክስል ግን አያሳስብዎት። ለአልበም የሚሆነው 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በጥሩ ጥራት እንዲታተም 2 ሜጋፒክስል ይበቃዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 20 በ30 ደግሞ 8 ሜጋፒክስል ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ከበቂ በላይ ነው።

የእውነት ብልሽት መሆኑን መለያ ፈተና

ከላይ ያለው ሁሉ ካልረዳ ካሜራውን ይፈትኑት። ከውጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ ያመጣው ዘመድ ተመልሶ ከመሄዱ በፊት ይሁን። አንዳንድ ዋስትና የሚያገለግለው በተገዛበት አገር ብቻ ነውና።

አንድ ገጽ ጋዜጣ ደጅ፣ ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ አጣብቀው ይለጥፉ። ካሜራውን ጠረጴዛ ወይም ትራይፖድ ላይ ያስቀምጡና ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ያስተካክሉት። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8 ያድርጉ፤ በእጅዎ እንዳይነቀነቅ ቁልፉን በ2 ሰከንድ ታይመር ይልቀቁት። ጥቂት ፎቶ አንስተው ኮምፒዩተር ላይ በሙሉ መጠናቸው ይዩ።

ጽሑፉ ጥርት ብሎ ከተነበበ ካሜራውም ሌንሱም ጤነኛ ናቸው። አንዱ ጎን ብቻ በሁሉም ፎቶ ላይ ብዥ ካለ ካሜራውን ገልብጠው ደግመው ያንሱ። ብዥታው ከካሜራው ጋር ወደ ሌላው የጋዜጣው ጎን ከዞረ ችግሩ የሌንሱ ነው፤ ዋስትና የሚጠየቅበት ጉድለትም ይህ ነው። መስታወት ያለበት ዲኤስኤልአር ካሜራ ከሆነ አንዴ በመመልከቻው፣ አንዴ በስክሪኑ እያዩ ያንሱ። በስክሪኑ ጥርት ብሎ በመመልከቻው ሁልጊዜ ብዥ ካለ የፎከስ ሥርዓቱ መስተካከል ይፈልጋል።

በመጨረሻ አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርገው ነጭ ግድግዳ ያንሱ። በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ቦታ የሚታይ ግራጫ ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በጨርቅ አይጥረጉት፤ በእጅ የሚጨመቅ የአየር መንፊያ ይጠቀሙ፤ ካልለቀቀ ለባለሙያ ይስጡት። ሌንስ ሲቀይሩም ነፋስ በሌለበት፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍተው ይሁን።

ፈተናውን ያለፈ ካሜራ ሳሎን ውስጥ አሁንም ካስቸገረዎት ካሜራ አይቀይሩ። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲቀርብ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠባል። ዙም የሌለው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ ካነን፣ ኒኮንና ሶኒ የየራሳቸው አላቸው፤ ከየኩባንያው ርካሽ ሌንሶችም አንዱ ነው። ለካሜራዎ የሚገጥመውን ዓይነት ጠይቀው ይግዙ።

የሚቀጥለው በዓል ከመድረሱ አንድ ሳምንት በፊት አንድ ምሽት ይምረጡ። ድግሱ በሚሆንበት ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አምፖል ሥር አንድ የቤተሰብ አባል ነጠላ ለብሶ ይቀመጥልዎትና ሃያ ፎቶ ያንሱ። የተሳካውን ፎቶ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው የካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ። በበዓሉ ዕለት ከዚያ ወረቀት ይጀምሩ። አያትንም ከመስኮቱ ጎን ያስቀምጧቸው።